ረሃቡ ጠፋ ማለት ምግቡ አያስፈልግም ማለት አይደለም

*የአንባቢያችን ደብዳቤ*

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 44 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቁመቴ 5 ጫማ ከ4 ኢንች ሲሆን ክብደቴ 216 ፓውንድ ደርሶ ነበር። ግፊት ስላለብኝ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ያለበት ክኒን ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። ሐኪሜ ዌጎቪ የሚባለውን መርፌ አዘዘችልኝ። አሁን 10ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ 1 ሚሊግራም ላይ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን 15 ፓውንድ ቀንሻለሁ።

ችግሩ ምግብ ጭራሽ አስጠላኝ። ጠዋት ቡና ብቻ ጠጥቼ እወጣለሁ። ማታ ከሥራ ስገባ ግማሽ እንጀራ በሽሮ እቀማምሳለሁ፤ እሱንም የማልጨርስበት ቀን አለ። ሐኪሜ ካሎሪ የሚያስቆጥር ወረቀት ሰጥታኝ ነበር፤ ግን ካልበላሁ ምኑን ልቁጠር? ከመቀመጫዬ ስነሣ ያዞረኛል፣ ጸጉሬ ይረግፋል፣ ሆዴም ደርቋል። ዐቢይ ጾም ደግሞ እየመጣ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት መጾም ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድኩት ነው። የማኅበር ጓደኛዬ ቶሎ ወደ ትልቁ መጠን ብገባ ጾሙ ሳይገባ እንደምከሳ ትነግረኛለች፤ በግማሽ ዋጋ በጠርሙስ የሚሸጥ እንዳለም ጠቁማኛለች። አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴም ሁለት ሦስት መርፌ ላኪልኝ ብላኛለች። ካገባች ዓመቷ ነው፤ ልጅ ከመምጣቱ በፊት ልክሳ ትላለች። እባክዎ ይምከሩኝ።

ግራ የገባት እናት

*መልስ*

እህቴ፣ የቀነስሽው 15 ፓውንድ ጥሩ ነው፤ በ10 ሳምንት ከዚህ በላይ መጠበቅም የለብሽም። እኔን ያሳሰበኝ «ካልበላሁ ምኑን ልቁጠር?» ያልሽው ነው። በፋርማሲ ሥራዬ ይህን መርፌ የሚወስዱ ብዙ ወገኖቼ ሲሉት እሰማለሁ። በካሎሪ የተመጠነ አመጋገብ ሲባል ሁላችንም የምንሰማው «ከዚህ አትለፊ» የሚለውን ብቻ ነው። «ከዚህ አትውረጂ» የሚልም አለበት፤ መርፌውን ለሚወስድ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህኛው ነው።

በመርፌው ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ይባላል። ምግብ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። አእምሮ ጠግቤያለሁ እንዲል ያደርጋል፤ በተለይ በመጀመሪያው ወቅት ጨጓራም የያዘውን ምግብ ቀስ ብሎ እንዲለቅ ያደርጋል። ሰውነትሽ ግን ለጡንቻው፣ ለደሙ፣ ለጸጉሩ የሚፈልገውን ምግብ አሁንም ይፈልጋል። ድሮ ረሃብ ይቀሰቅስሽ ነበር፤ አሁን ረሃቡ ስለሌለ የምትበዪው በሰዓትና በዕቅድ መሆን አለበት። ወረቀቱን ሐኪምሽ የሰጠችሽ ለዚህ ነው።

ኤፍዲኤ የተባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ዌጎቪን በሰኔ 2021 ሲፈቅድ፣ ካሎሪው ከተቀነሰ አመጋገብና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር እንዲወሰድ ብሎ ነው የፈቀደው። በዚያው ዓመት የወጣው ዋናው ጥናት 1,961 ሰዎችን ለ68 ሳምንታት ተከታትሏል። ተሳታፊዎቹ በሙሉ ሰውነታቸው ከሚያወጣው 500 ካሎሪ ያህል የሚያንስ ምግብ እንዲበሉና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመከሩ ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው 14.9 በመቶ ሲቀንሱ፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ቀነሱ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ያ ውጤት የመጣው እየበሉ ነው፤ ከቀን ፍጆታቸው እንዲቀንሱ የተመከሩት 500 ካሎሪ ያህል ብቻ ነበር።

አሁን አንቺ የምትበዪውን በግምት ላስላው። ግማሽ እንጀራ በሽሮና ስኳር ያለበት ቡና ተደምሮ ከ600 ወይም ከ700 ካሎሪ የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ፕሮቲኑም 20 ግራም ከሞላ ጥሩ ነው። ክብደት ለሚቀንሱ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ካሎሪ ነው። ከ800 በታች መብላት በሐኪም የቅርብ ክትትል ካልሆነ በቀር አይፈቀድም። በዚህ ዓይነት ከሰውነትሽ የሚሄደው ስቡ ብቻ አይደለም። ከሚቀንሰው ክብደት ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጡንቻና ከስብ ውጪ ያለ ሌላ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቲን ሲጎድልና እንቅስቃሴ ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ጸጉርሽም የሚረግፈው በዋናነት በፈጣን ክብደት መቀነስና በምግብ ማነስ ሳይሆን አይቀርም። በጥናቶቹ ላይ የጸጉር መርገፍ የገጠማቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 3 በመቶ፣ ካልወሰዱት 1 በመቶ ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ሲረጋና ምግቡ ሲስተካከል ይመለሳል፤ ቢሆንም የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ እንድታደርግልሽ ሐኪምሽን ጠይቂያት።

ሳይውል ሳያድር መታየት ያለበት ግን ማዞሩ ነው። የግፊት ክኒንሽ የታዘዘው 216 ፓውንድ ሆነሽ እንደ ልብሽ ትበዪ በነበረ ጊዜ ነው። አሁን ቀንሰሻል፤ የምትበዪው ጨውም፣ የምትጠጪው ውኃም አንሷል፤ ሽንት የሚያሸናው መድኃኒት ግን ያችኑ ያነሰች ፈሳሽ ከሰውነትሽ እያወጣ ነው። ስትነሺ ዓይንሽ የሚጭለመለመው ግፊትሽ ከሚገባው በታች እየወረደ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከተጨመረበት ኩላሊት እስከመጎዳት ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬውኑ ማታ ቤትሽ ባለው መለኪያ ተቀምጠሽ ለኪ፤ ቀጥሎ ተነሥተሽ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ከቆየሽ በኋላ ድገሚው። ሁለቱንም ቁጥር ጽፈሽ ነገ ጠዋት ወደ ሐኪምሽ ቢሮ ደውዪ። ክኒኑን በራስሽ አታቋርጪ፤ መጠኑን መቀነስ ወይም መለወጥ የእሷ ሥራ ነው። እስከዚያው ራስ ምታት ቢይዝሽ ኢቡፕሮፌን አትውሰጂ፤ ፈሳሽ ባነሰበት ሰውነት ላይ ከግፊት ክኒን ጋር ሲገናኝ ኩላሊትን ያስቸግራል። ተዝለፍልፈሽ ከወደቅሽ፣ ወይም ፈሳሽ እንኳን አልረጋልሽ ብሎ ሽንትሽ ከቀነሰ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። በዚህ መርፌ ላይ ያለ ሰው ትልቅ ሰሐን ሲቀርብለት ገና ሲያየው ይዘጋዋል። በትንሽ ሰሐን፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ መጀመሪያ ፕሮቲኑን፣ እንጀራውን በመጨረሻ ብዪ። ለአንቺ በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ቢገባሽ እወዳለሁ፤ የኩላሊት ችግር ካለብሽ ግን ቁጥሩን ሐኪምሽ ትወስነው። ይህ ደግሞ እንደሚመስለው ከባድ አይደለም። ጠዋት ሁለት እንቁላል 12 ግራም ነው፤ ካሎሪው 140 ብቻ ነው። ምሳ ላይ አንድ የአሜሪካ መለኪያ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ፕሮቲን ይሰጥሻል፤ 230 ካሎሪ ነው። ማታ የእጅ መዳፍሽን የሚያህል የዶሮ ሥጋ 25 ግራም ያህል ይጨምርልሻል። በመሃል አንድ እርጎ ብታክዪ ከ60 አለፍሽ፤ ለእንጀራውና ለጎመኑም ሰፊ ቦታ ተረፈሽ።

እኛ ቤት ካሎሪው የሚደበቀው በዘይቱ ውስጥ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው፤ አንድ ኩባያ ሙሉ ዘይት ወደ 1,900 ይጠጋል። ሽንኩርቱን ለማቁላላት ስንት ጊዜ ከጠርሙሱ ቀጥታ እንደምናፈስ አንቺም ታውቂያለሽ። ወጡ የስድስት ሰው ቢሆን እንኳን ከዘይቱ ብቻ የአንድ ሰው ድርሻ 300 ካሎሪ አለፈ። ለአንቺ ደግሞ የካሎሪው ነገር ብቻ አይደለም፤ ጨጓራሽ ቀስ ስለሚል ቅባት የበዛበት ምግብ እዚያው ይቆይና ማቅለሽለሹን ያብሰዋል። ሽንኩርቱን ከውኃ ጋር አብስዪና ዘይቱን በማንኪያ እየለካሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትጠጪ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ካለ ወደ 100 ካሎሪ ይሆናል፤ አልሚ ነገር የለበትም። ቡና በባዶ ሆድ ካቅለሸለሸሽም ከእንቁላሉ በኋላ አድርጊው።

ለሆድ ድርቀቱ ውኃ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ ጠጪ። በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ መጠጣት ለዚህ ጨጓራ አይስማማውም። የጤፍ እንጀራውን አትተዪ፤ ጎመንና ጥራጥሬም ጨምሪ። ተልባ ከወደድሽ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ውኃ ይፈልጋልና ውኃውን ሳታስተካክዪ አትጀምሪው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከእግር ጉዞው ሌላ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር አድርጊ። ወንበር ላይ መቀመጥና መነሣት፣ ውኃ የሞላ ጋሎን ማንሣትም ይበቃል፤ ማዞሩ እስኪታይ ድረስ ግን ቆዪ።

የጓደኛሽን ምክር በተመለከተ አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ አታድርጊው። መርፌው በ0.25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየአራት ሳምንቱ ወደ 0.5፣ ወደ 1፣ ወደ 1.7፣ ከዚያም ወደ 2.4 የሚያድገው ጨጓራና አንጀት እንዲለምዱት ነው። አንቺ በ1 ሚሊግራም ምግብ አስጠልቶሻል፤ 2.4 ብትወስጂ የሚጠብቅሽ ማስመለስና ድንገተኛ ክፍል ነው። ይልቁንም ሐኪምሽን «እዚሁ መጠን ላይ ትንሽ ልቆይ ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት። ሰውነት ካልለመደው የሚቀጥለውን ደረጃ ማዘግየት የተለመደ አሠራር ነው፤ እንደ መሸነፍ አትዪው። አንድ ሳምንት ከረሳሽው ደግሞ ሁለት መርፌ በአንድ ጊዜ አትውጊ። እስከሚቀጥለው መርፌሽ ከሁለት ቀን በላይ ካለሽ እንዳስታወስሽ ውሰጂ፤ ከዚያ ካነሰ የረሳሽውን ተይውና በቀንሽ ቀጥዪ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካለፈሽ በየትኛው መጠን እንደምትመለሺ ሐኪምሽ ትነግርሽ።

የጠርሙሱን ነገር በደንብ ስሚኝ። ዋጋው ከባድ እንደሆነ፣ ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ እንደማይከፍል አውቃለሁ፤ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ወዶ አይደለም። ነገር ግን የአንቺ መርፌ የተለካ መጠን በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ በጠርሙስ የሚሸጠውን ግን በስሪንጅ የምትቀጂው አንቺ ነሽ። የታዘዘው በሚሊግራም ነው፤ ስሪንጁ ላይ ያለው መስመር ግን ዩኒት የሚባለው የኢንሱሊን መለኪያ ነው። ኤፍዲኤ በሐምሌ 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በዚህ መደናገር ከታሰበላቸው መጠን ከ5 እስከ 20 እጥፍ ወስደው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች እንዳሉ ገልጿል። በሰው በሰው የሚሸጠው ላይ ደግሞ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ የሚያረጋግጥልሽ አካል የለም። ዋጋው ካቃተሽ ለፋርማሲስትሽ ንገሪው፤ አምራቾቹ ራሳቸው ያለ ኢንሹራንስ ለሚከፍል ሰው ዋጋ የሚቀንሱበት አሠራር አለ። ሐኪምሽም ሌላ አማራጭ ልታይልሽ ትችላለች።

እህትሽን ደግሞ አንቺ ራስሽ ደውለሽ አስረጂያት። እርግዝና ያሰበች ሴት ይህን መድኃኒት ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባት፤ ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት ሳምንታት ይወስድበታልና። እርጉዝ ሆና ከሆነ ደግሞ ጭራሽ መውሰድ የለባትም። የምትልኪላት መርፌ 1 ሚሊግራም ነው፤ አንቺ ስምንት ሳምንት ተለማምደሽ የደረስሽበትን እሷ በመጀመሪያው ቀን ልትወጋው ነው። በሻንጣ ሲጓጓዝም ሌላ ጣጣ አለው። ቦታው ማቀዝቀዣ ነው፤ ከማቀዝቀዣ ውጪ የሚቆየው ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ ለ28 ቀናት ነው፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይጣላል። ከሁሉ በላይ ግን ማንም መርምሯት አያውቅም። ሜዱላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰር እሷን ወይም የቅርብ ዘመዷን ይዞ ከሆነ መውሰድ አትችልም። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው እንቅርት ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአዮዲን እጥረት የሚመጣ ነው። ቢሆንም በቤተሰባችሁ አንገቱ አብጦ የነበረ ወይም አንገቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ካለ ምን እንደነበር አጣሪና ለራስሽም ሐኪም ንገሪ። አንቺም ገና ልትወልጂ የምትችይ ከሆነ የእርግዝናው ጉዳይ አንቺንም ይመለከታል። በነገራችን ላይ ይህን የምታነቡ ቲርዜፓታይድ የተባለውን፣ ማለትም ዜፕባውንድን ወይም ሙንጃሮን የምትወስዱ እህቶች፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚሰጠውን ውጤት ሊቀንስ ይችላልና ስትጀምሩም፣ መጠን በጨመራችሁ ቁጥርም፣ ለአራት ሳምንት ኮንዶም ወይም ሌላ መከላከያ ጨምሩ።

ስለ ጾሙ ስጽፍልሽ ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ከሥጋና ከወተት መከልከሉ አያስቸግርሽም። ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ቶፉና የአኩሪ አተር ወተት ከ60 ግራም ሊያደርሱሽ ይችላሉ፤ ለቫይታሚን ቢ12 ግን ሐኪምሽን ጠይቂ። የሚያስፈራኝ ውኃ ሳትቀምሺ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ነው፤ ያውም ጠዋት ሽንት የሚያሸና ክኒን ውጠሽ፣ ማታም የማትበዪ ሆነሽ። አሁን ባለሽበት ሁኔታ ይህ ለ55 ቀናት የሚደረግ አይደለም። ለታመመ ሰው ከንስሐ አባት ጋር ተነጋግሮ ጾሙን በአቅም ማድረግ በቤተ ክርስቲያናችን የኖረ ሥርዓት ነው። ክኒንሽንም፣ መርፌሽንም፣ ማዞሩንም ሳትደብቂ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ብዙ እናቶች መርፌውን ደብቀው፣ ጾሙንም ሳያጎድሉ ይዘው ሲዝለፈለፉ አይቻለሁ። ሐኪምሽ የግፊቱን ነገር ካስተካከለች በኋላ የሰዓቱን ነገር እንደገና ማየት ይቻላል።

የፋሲካ ሌሊትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከቅዳሴ መልስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቅቤው የሚንሳፈፍበት ዶሮ ወጥ ቀስ ለሚል ጨጓራ ከባድ ነው። አንድ እንቁላልና አንድ ብልት በትንሽ እንጀራ ቅመሽና ተኚ፤ ዶሮው ነገም አለ። ይህን ስል ማቅለሽለሹን ብቻ አስቤ አይደለም። በፍጥነት የሚከሳ ሰው ሐሞቱ ውስጥ ጠጠር የመሥራት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ከቅባት ምግብ በኋላ ከቀኝ ጎድን በታች የሚወጋ ሕመም ከመጣ፣ በተለይ ትኩሳት ካለው ወይም ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ በዓል ነው ብለሽ አትቆዪ። ከእምብርት በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚዘልቅና የማይለቅ ከባድ ሕመም ደግሞ የቆሽት (የፓንክሪያስ) መቆጣት ሊሆን ይችላል። ያኔ መርፌውን አቁመሽ 911 ደውዪ። ቀዶ ሕክምና ወይም የሚያስተኛ ምርመራ ካለብሽም መርፌውን እንደምትወስጂ አስቀድመሽ ለሰመመን ሰጪው ተናገሪ፤ ሳትበዪ ብትሄጂም ጨጓራሽ ውስጥ ምግብ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ሳትጠይቂኝ የምነግርሽ አለ። ላይ ባነሣሁልሽ ትልቅ ጥናት መድኃኒቱንም ምክሩንም ያቆሙት ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ከቀነሱት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተመልሶባቸው ነበር። ስለዚህ ከሐኪምሽ ጋር ስትነጋገሪ «እስከ መቼ ነው የምወስደው?» የሚለውንም አንሺ። ነገ ስትደውዪ የግፊቱን ሁለት ቁጥሮች፣ የምትወስጂያቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ያለፉትን ሦስት ቀናት የበላሽውንና የጠጣሽውን በወረቀት ያዢ። የሥነ ምግብ ባለሙያ እንድትመራልሽም ጠይቂያት፤ እንጀራና ወጥ የሚያውቅ ሰው ካገኘሽ ሥራው ይቀልልሻል። ክኒኑ ላይ ምን እንደወሰነች ግን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።